ስፌቱን የሰማው አባቴ ነው

ስፌቱን የሰማው አባቴ ነው። ባለመነጽሩ ሰውየ አይደለም፤ ኮምፒዩተሩም አይደለም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ግሩፑ ውስጥ አራት ጊዜ ጽፌያታለሁ፤ እነሱም በአውራ ጣት ምልክት አለፏት። እዚህ ግን አውራ ጣት የለም። ደብተሩ የእኔ፣ እስክሪብቶውም የእኔ። «እህቴ፣ አጠር አድርጊው» የሚለኝም የለም። ስለዚህ ከሥሩ ጀምሬ እናገራለሁ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። አርብ ገበያ በምትባለው ከተማችን፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ካለው መንገድ ዳር፣ በረንዳ ላይ የእግር መኪናውን አስቀምጦ ይሰፋል። ቀኑን ሙሉ እስፒል በከንፈሩ ነክሶ ስለሚውል ሰው ሲያናግረው የሚመልሰው በአፉ ጥግ ነው። እስፒል በሌለበት አፍ ሲናገር የምንሰማው በበዓልና በልቅሶ ቀን ብቻ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። የከተማው ሰው የሚያውቀው ሱሪ ማሳጠሩን፣ የዩኒፎርም ኪስ መትከሉን ነው።

በልጅነቱ ግን የድጓ ተማሪ ነበር። ድጓ የዓመቱ በዓላት ሁሉ የሚዜሙበት ትልቅ መጽሐፍ ነው። ተማሪው ቃሉን ማወቁ አይበቃም፤ ከቃሉ በላይ እንደ ጉንዳን የተደረደሩትን የዜማ ምልክቶች አንድ በአንድ በጉሮሮው መያዝ አለበት። ያን የጨረሰ ሰው ደግሞ የትም አገር ይማር፣ በመጨረሻ ወደ እኛው ጋይንት፣ ወደ ቤተ ልሔም መጥቶ ይፈተናል። ካለፈ «መሰከረ» ይባላል። ምስክር ያለው ሰው ማለት በእኛ አገር ይኸው ነው። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

አባቴ አልመሰከረም። አንድ ክረምት ሲቀረው አያቴ ሞቱ። እርሻው ጦም እንዳያድር ተጠራ፤ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ስለዚህ ነገር እቤታችን ውስጥ አይወራም። የሚያወራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም የኔታ ናቸው።

የኔታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ምስክር አላቸው። አሁን ጉልበታቸው ስለደከመ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በቀጥታ መጥተው የእኛ በረንዳ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። በዓል ባለፈ ማግስት እዚያ አግዳሚ ላይ የሚሆነውን ነገር የኳስ ወዳጆች ቢያዩት ይቀኑ ነበር። ማን አነሣ፣ ማን ተቀበለ፣ ማን ጣለ፣ የማን ጉሮሮ ዘንድሮ አለቀ፣ አንድም ሳይቀር ይመዘናል።

«ያ ወጣቱ መሪጌታ ትናንት ምን ነካው?» ይላሉ የኔታ። «እንደታነቀ ወይፈን ነው እኮ የጮኸ!»

«ድምፁ ግን መረዋ ነው የኔታ፤ አይካድም» ይላል አባቴ በእስፒሎቹ መሀል።

«ቃጭልም ይጮኻል። ድጓ ያውቃል ማለት ነው? ርክርኩን ዋጠው!»

ርክርክ ማለት ድምፅ ልክ ውኃ በጠጠር ላይ እንደሚወርደው እየተንከባለለ የሚያልፍበት ቦታ ነው።

«አልዋጠውም። ዝቅ አድርጎ አሳለፈው እንጂ።»

«ዋጠው እልሃለሁ!»

ይኼኔ ከጎናችን ጨርቅ የሚሸጡት እትየ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ብቅ ይላሉ። እትየ ሙስሊም ናቸው፤ ማኅሌት ቆመው አያውቁም፤ ግን እንደሳቸው አስተያየት የማያጥረው ሰው አላየሁም።

«እኔ ቃሉን አላውቀውም። ማይክራፎናችሁ ግን ሳልጠራው እቤቴ ድረስ ስለሚመጣ እናገራለሁ። ከወጣቱ ይልቅ ከኋላ የሚቀበለው ሰውየ ይሻላል።»

«የቱ?» ይላሉ የኔታ ተቆጥተው።

«ያ አፍንጫው የታፈነው።»

«እሱማ ጉንፋን ይዞት ነው!»

«እንግዲያ ጉንፋኑ ይሻላል።»

እንዲህ ነው የምንውለው። ክርክሩ ግን ሁልጊዜ የሚያልቀው በአንድ ነገር ነበር። አባቴ ሊያሸንፍ ሲል፣ እውነቴን ነው ብዙ ጊዜ ያሸንፋል፣ የኔታ መቋሚያቸውን ሲሚንቶው ላይ ኳ አድርገው «አንተ ምስክር የለህም! ቁልፍህን ትከል!» ይላሉ። አባቴም ይስቅና አንገቱን ደፍቶ መኪናውን ይረግጣል። እትየም ይስቃሉ። እኔ ብቻ አልስቅም። እኔ አባቴ ሲስቅ ጆሮው እንደሚቀላ አይቻለሁ።

አሁን ወደዚያ ወደ ፈረንጆቹ የመድረክ ዘፈን፣ ወደ ኦፔራው።

ኦፔራን ያገኘሁት እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ነው። አስተማሪያችን ከሌላ ክፍለ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ አንድ ቀን ትንሽ ስፒከር ይዞ ገባና «ዛሬ የምትሰሙትን ቋንቋ እኔም አላውቀውም። ሰምታችሁ የተሰማችሁን ጻፉ» አለን። ከፈተው። አንዲት ሴት ነበረች። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ኋላ የተቀመጡት ልጆች እንደ ተኩላ ጮኹ። እኔ ግን እጄ ላይ ያለው ፀጉር ሲቆም አየሁት። ያቺ ሴት ከላይ ወደ ታች ስትወርድ ደረጃ የምትቆጥር ትመስላለች፤ አንድም አልሳተችም። አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። «ጉሮሮዋ ውስጥ መሰላል አለ፤ እኛ ስንስቅ እሷ ትወርድ ነበር» የሚል አለበት። አስተማሪው በማግስቱ ለክፍሉ በሙሉ አነበበውና «ይህችን የጻፈች ልጅ ጽሑፍ እንዳታቆም» አለ። ያን ቀን እቤት የሄድኩት በእግሬ አይመስለኝም።

ከዚያ ስልኬን ተቀብሎ አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገባኝ። ኦፔራ የሚወዱ አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ግማሾቹ አዲስ አበባ፣ ግማሾቹ ውጭ አገር። በመጀመሪያው ሳምንት የሚጻጻፉትን ሳነብ እንዴት እንደሳቅሁ! «እሷማ ዘንድሮ ድምፅዋ አልቋል» ይላል አንዱ። «ያለቀው ያንተ ጆሮ ነው» ትላለች ሌላዋ። «ላይኛውን ዋጠችው እኮ!» «አልዋጠችውም፣ አሳለፈችው!» እንዴ! ይህማ የእኛ አግዳሚ ነው! ሰዎቹ መቋሚያ የላቸውም እንጂ በቃ የኔታና አባቴ ናቸው። አገሬን ያገኘሁ መሰለኝ።

አድሚኑ ከግሩፑ አናት ላይ የሰቀለው አንድ ቅጂ ነበር። የዘፈነችው አሁን የሞተች ዘፋኝ ናት፤ ሁሉም ያመልኳታል ማለት ይቻላል። አንዱን ረዥም ዜማ በአንድ ትንፋሽ ከዳር እስከ ዳር ትወስደዋለች። «እንደዚህ ዓይነት ሳንባ ሁለተኛ አይፈጠርም» ብለው በየሳምንቱ ይሰግዱለታል። ባለመነጽሩ ሰውየ፣ ስሙን አልጠራም፣ ፎቶው መነጽር ስላለው ነው እንዲህ የምለው፣ ስለዚያ ትንፋሽ ብቻ ሦስት ረዣዥም ጽሑፍ ጽፏል።

ኔትወርክ በመጣ ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኝ አወረድኩትና ለአግዳሚው ከፈትኩት።

«ዘፈን ነው ለቅሶ?» አሉ የኔታ ገና ሲጀምር።

«በሁለቱ መሀል ነው የኔታ።»

«ማን ሞቶባት ነው?»

«በዘፈኑ የሞተባት የለም፤ በኋላ የሞተችው እሷው ናት። የምትወደው ሰው ጥሏት ሄዶ ነው።»

«ይህን ሁሉ ለሄደ ሰው?» አሉ እትየ። «እንዲህ ከተጮኸለትማ መንገድ ላይ ሰምቶ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ደንቆሮ ነው፤ ይቅርባት።»

የኔታ መጀመሪያ ጋቢያቸውን ጆሯቸው ላይ ጎተት አድርገው ነበር፤ ዘፈን ነዋ። ትንሽ ቆይተው ግን አንዱ ጆሮ ከጋቢው ወጣ። «ዕዝል ናት» አሉ።

«አራራይ ናት» አለ አባቴ።

ዕዝል የከበደው፣ አራራይ የሚያባባው የዜማ ዓይነት ነው። እኔ ለአባቴ ፈረድኩ፤ በልቤ ግን።

ከዚያ ያ ረዥሙ ዜማ መጣ። የመኪናው ድምፅ ቆመ። አባቴ እግሩን ከመርገጫው ላይ አንሥቶ «መልሽው» አለኝ። መለስኩት። «እንደገና።» መለስኩት። ከዚያ ያደረገውን ነገር ሥራ ቀን ላይ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም፤ እስፒሎቹን ከአፉ አንድ በአንድ አውጥቶ መክተቻው ላይ ሰካቸው።

«እዚህ ጋ ስፌት አለ» አለ።

«የምን ስፌት?» አሉ የኔታ። «አንተ ሁሉም ነገር ጨርቅ ይመስልሃል!»

«በአንድ ትንፋሽ አይደለም የሄደችው። ሁለት ጊዜ ነው የዘፈነችው፤ አጋጥመው ሰፍተውታል። የፊተኛው ድምፅ የታጠበ ጨርቅ ነው፤ ለስልሷል፣ ደክሟል። የኋለኛው ገና ውኃ ያልነካው ነው። የደከመ ጉሮሮ ሳይተነፍስ አዲስ ሊሆን አይችልም። ስሚው።»

ሰማሁ። መጀመሪያ ምንም አልሰማሁም። በአምስተኛው ሰማሁት፤ ከሰማሁት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መስማት አልቻልኩም።

«ወላሂ እውነቱን ነው!» አሉ እትየ። «ከአንድ ጣቃ የወጣ አይደለም።»

«ፈረንጅ እንደ እናንተ የተጣጣፈ ነገር አይሠራም» አሉ የኔታ። ከዚያም እንደተለመደው፦ «ደግሞ አንተ ምስክር የለህም። ቁልፍህን ትከል።»

አባቴ ሳቀ። ጆሮው ቀላ። እኔ ስልኬን ይዤ ተነሣሁ።

በረንዳው ጥግ፣ ኔትወርኩ የሚሻለው እዚያ ነው፣ ቆሜ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ደመሰስኩት። እያንዳንዷን ነጠላ ሰረዝ አስቤባታለሁ። «ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ በልጅነቱም ድጓ ተምሯል። ይህን ቅጂ ዛሬ ሰምቶ ስፌት አለበት ይላል» ብዬ ጀምሬ፣ የታጠበውንና ያልታጠበውን ጨርቅ፣ ስፌቱ ያለበትን ደቂቃና ሰከንድ ሳይቀር አስቀመጥኩ። «እንዴት ያለ ጆሮ ነው!» የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም መልሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ «ለአባቴ እነግረዋለሁ፣ አመሰግናለሁ» የሚል።

መጀመሪያ የመጣው የሚስቅ ፊት ነው። ከዚያ ሌላ የሚስቅ ፊት። ከዚያማ ዘነበ።

«ልብስ ሰፊው? ለእኔም ሱሪ ያሳጥርልኝ።»

«እሷን ከሚተች ቁልፍ ይትከል።»

«ኦፔራ በአርብ ገበያ! በአህያ ነው በእግሩ የገባው?»

ይህን የጻፉት እኮ የተማሩ ሰዎች ናቸው! ስለ አንዲት ፈረንጅ ሳንባ ሦስት ጽሑፍ የሚጽፉ፣ «ኪነ ጥበብ ድንበር የለውም» እያሉ በየጠዋቱ የሚለጥፉ። ድንበሩ እኛ ጋ ሳይደርስ ደብረ ታቦር ላይ ነው ለካ።

አድሚኑ ብቻ አልሳቀም። «እህቴ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከባድ ክስ ነው። ምስክር አለሽ?» ብሎ ጠየቀ።

አሁን የምጽፈውን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል። ግን ሁሉንም እናገራለሁ ብያለሁ። «ምስክር» የምትለዋን ቃል ሳያት የየኔታ መቋሚያ ታወሰኝ። አወቁት አልኩ። አዋቂዎች ናቸው፤ ድጓ ተምሯል ስላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት የኔታ የሚጠይቁትን ነው። መስክሯል ልል ይሆን? በቤተ ልሔም ይዋሻል እንዴ! በሐቀኝነት፣ በሞኝ ሐቀኝነት፣ እንዲህ ብዬ መለስኩ፦

«የለውም። አንድ ክረምት ሲቀረው ነው ጥሎ የወጣው።»

ግሩፑ በሳቅ ፈረሰ።

«ምስክሩ ጥሎ ወጣ!»

«ክረምት ነው እኮ፣ ጎርፍ ወስዶት ነው።»

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሩ እስኪደርቅ ይጠበቅልን!»

ሰውየው የጠየቀኝ ማስረጃ አለሽ ወይ ነበር። ይኸው ነበር። የቤተ ልሔምን ምስክር ሰምቶት እንኳ አያውቅም። እኔ ግን አባቴ ሃያ ዓመት ሙሉ በሳቅ የሸፈናትን አንዲት ቁስል፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በገዛ እጄ ገልጬ የማላውቃቸው ሰዎች ፊት ሰጣኋት። በነጠላ ሰረዝ አሳምሬ። በእነሱ የተናደድኩትን ያህል በራሴ ተናድጄአለሁ፤ በራሴ የተናደድኩት ግን አልፎልኛል፣ በእነሱ ያለው ገና ነው።

በማግስቱ አባቴ ቀና ሳይል «ምን አሉ?» አለኝ።

አባቴ ስለ ስልክ ጠይቆኝ አያውቅም። ስልክ ለእሱ ሰዓት ነው። «ምን አሉ?» ሲል ግን መኪናውን ዝግ አድርጎ ይረግጥ ነበር፤ መልሴን ላለማጣት።

«ኔትወርክ የለም» አልኩት።

በሁለተኛው ቀን «ምን አሉ?»

«ኔትወርክ የለም አባየ።»

በሦስተኛው ቀን እትየ በራቸው ላይ ቆመው ባሕር ዳር ካለች ልጃቸው ጋር ከፍ ባለ ድምፅ ሲያወሩ፣ አባቴ እስፒሉን እንደነከሰ ወደ እሳቸው አየ፤ ወደ እኔ አየ። «ኔትወርኩ ለእሷ ብቻ ነው የመጣ?» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ምነው በሰደበኝ!

በአምስተኛው ቀን ነው ባለመነጽሩ የተነሣው። «ወዳጆቼ፣ ለረዥም ጊዜ ጥርጣሬ ነበረኝ» ብሎ ጀመረ። ጥርጣሬ! ስለዚያ ትንፋሽ ሦስት የምስጋና ጽሑፍ የጻፈ ሰው! ድምፁን ኮምፒዩተር ውስጥ ከትቶ ምስል አድርጎታል፤ ተራራና ሸለቆ የሚመስል መስመር። አንድ ቦታ ላይ በቀይ ክብ አድርጎበታል። «እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ተጋጥመዋል» ይላል። ደቂቃውን አየሁት፤ ሰከንዱን አየሁት። የአባቴ ናት! አንዲት ሰከንድ እንኳ አልለወጠም!

«ጀግና!»

«ምን ዓይነት ጆሮ ነው የሰጠህ!»

ጆሮ! ሰውየው በዓይኑ እኮ ነው ያየው! በዓይኑ አይቶ ጆሮ ተባለ፤ አባቴ በጆሮው ሰምቶ ሱሪ አሳጥር ተባለ። ይህን እንዴት ብዬ ልዋጠው?

ጻፍኩ። «ስፌቱን የሰማው አባቴ ነው፤ ከአምስት ቀን በፊት ጽፌዋለሁ፣ ወደ ላይ ተመልሳችሁ እዩ።» አውራ ጣት። እንደገና ጻፍኩ። አውራ ጣት፣ አንድ ልብ። በሦስተኛው አድሚኑ መጣ፦ «እህቴ፣ ዋናው እውነቱ መገኘቱ ነው፤ ማን አገኘው የሚለው አይደለም።»

«እንግዲያ ባለመነጽሩን ለምን በስሙ አመሰገናችሁት?»

«አንቺ ያልሽው ግምት ነበር። እሱ ማስረጃ አመጣ። በዚያ ላይ አንቺው ራስሽ ምስክር የለውም ብለሻል። አጠር አድርጊው እህቴ።»

አራተኛዋንም ጻፍኩና ስልኩን ዘጋሁት። ባለመነጽሩ አንድም ቃል አልመለሰልኝም። እንዳነበበው ግን አውቃለሁ፤ ከአውራ ጣቶቹ አንዱ የእሱ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የአርቡ ገበያ ትቶት የሄደው ገለባ ገና በረንዳችን ላይ ነበር። የኔታ አግዳሚው ላይ፣ እትየ በራቸው ላይ። አባቴ የአንዲት ሴት ቀሚስ ጫፍ ይጠመዝዛል። «ምን አሉ?» ሳይለኝ ተቀመጥኩና «አባየ፣ ኔትወርክ ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ላንብብልህ?»

«አንብቢው።»

ሁሉንም አነበብኩ። የሱሪውን፣ የአህያውን፣ የጎርፉን። «የለውም» ብዬ የመለስኩት ላይ ስደርስም አላቋረጥኩም። ባለመነጽሩንም አነበብኩ፤ «ምን ዓይነት ጆሮ» የሚለውንም። አንገቴን ቀና አላደረግሁም። የምሰማው መኪናውን ብቻ ነበር፤ እየረገጠ ነበር፤ ሳያቋርጥ፣ ሳይፈጥን።

መጀመሪያ የተናገሩት እትየ ናቸው። «ባለጌዎች! እኔ እዚያ ብኖር በሜትሩ ነበር የምላቸው!»

አባቴ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ውሸት አልጻፍሽም» አለኝ። «ምስክር የለኝም። ስፌቱ ግን አለ።»

የቀሚሱን ጫፍ አዙሮ አየና፦ «ሰውየው የት ጋ ነው አገኘሁት ያለው?»

አሳየሁት። ቀዩን ክብ ስልኩን ራቅ አድርጎ ይዞ አየው፤ ተራራና ሸለቆውን ሁሉ በዓይኑ ሄደበት።

«አንዱን ብቻ ነው ያገኘው?»

«እንዴት አንዱን?»

«ሁለት ነው እኮ።»

«ሁለት ከሆነ ያን ዕለት ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት፤ ልጮህበት ምንም አልቀረኝ።

«አንዱን ስነግርሽ ገና ሴትየዋ አሳዘነችኝ። ሞታለች አልሽኝ አይደል? የሞተ ሰው ልብስ ሁለት ቦታ አይተረተርም።»

«ክፈችው» አሉ የኔታ።

ጋቢያቸውን ከሁለቱም ጆሯቸው ላይ አወረዱ። «ክፈችው እንጂ! አንተም እንዳትነግረኝ፤ አፍህን ዝጋ።»

አባቴ እስፒሎቹን መልሶ ነከሰ። ከፈትኩት። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የመጀመሪያው ስፌት አለፈ፤ የኔታ በአፍንጫቸው «እህ» አሉ፣ ሌላ ምንም። ሴትየዋ ወጣች፣ ወጣች፣ ወደ ላይ ሄደች፤ ከዚያ መውረድ ጀመረች። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። እትየም ይዘዋል። ደረጃውን ግማሽ ስትወርድ፣ እኔ ምንም ያልሰማሁበት ቦታ ላይ፣ ሁለት ጣት ብድግ አለ። የኔታ ከመቋሚያቸው ላይ፣ አባቴ ከቀሚሱ ላይ። እኩል። አንዱ አንዱን ሳያየው፤ የኔታ ዓይናቸው እንደተጨፈነ ነው፣ አባቴ ደግሞ መሬት ነው የሚያየው።

ሴትየዋ ዘፍና ጨረሰች። የኔታ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተጣጥፈው ቁጭ አሉ። ምን እንዲሉ እንደጠበቅሁ አላውቅም። ምንም አላሉም። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ሰላም አላቸውና መለሱለት፤ ስለ ገብሱ ጠየቁት። በቃ። እኔ በዚያም ተናድጄ ነበር። አንዲት ቃል ብትወጣቸው ምን ይጎድልባቸዋል?

በሳምንቱ በዓል ነበር፤ በማግስቱ አግዳሚው እንደተለመደው ጀመረ። ያ ወጣቱ መሪጌታ እንደገና አንሥቶ ነበር። የኔታ ዋጠው አሉ፤ አባቴ አሳለፈው አለ። እትየ ጉንፋን ያለበትን ሰውየ ጤና ጠየቁ፤ ድኗል ሲባሉ «አበላሹት» አሉ። አባቴ ምልክቱን ከነቦታው እየጠቀሰ ሄደ፣ ሄደ፣ የኔታን ከግድግዳ አጣበቃቸው። የኔታ መቋሚያቸውን ሲያነሡ እኔ ገና ከወዲሁ ጥርሴን ነከስኩ።

«አንተ እኮ ምስ…»

መቋሚያው አየር ላይ ቆመ። ቀስ ብሎ ወረደ፤ ኳ አላለም።

«ቁልፍህን ትከል» አሉ።

አባቴ ሳቀ። ጆሮውን አየሁት። አልቀላም።

እንግዲህ ደስ ብሎሽ ዝም በዪ ትሉኝ ይሆናል። አባቴም የሚለው እንዲሁ ነው፤ «ተይው፣ የእነሱ ጉዳይ ነው» ይላል። እሱ ይተወው፤ እኔ አልተውም። በዚያው ማታ ሳይሆን በማግስቱ፣ በደንብ ተረጋግቼ፣ በረንዳው ጥግ ቆሜ ግሩፑ ውስጥ ይህችን ጻፍኩ፦ «ሁለተኛ ስፌት አለ። ሁለት ሰዎች እኩል ሰምተውታል፤ አንደኛው ቤተ ልሔም የመሰከሩ ናቸው። የት እንደሆነ አልናገርም።»

በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። ባለመነጽሩ ኮምፒዩተሩን ይዞ ገባ ይባላል። ሁለት ጊዜ ቀይ ክብ አድርጎ መጣ፤ ሁለቱም ጊዜ ሳል ነበር፣ የተመልካች ሳል። አድሚኑ በግል ጻፈልኝ፤ «እህቴ፣ ውዴ፣ የት ጋ ነው?» እህቴ ብቻ የነበርኩት ልጅ ውዴ ሆንኩ።

መልሴ አንድ ነው። ለሁሉም የምልከው እሱኑ ነው። መጀመሪያ የፊተኛውን ስፌት ማን እንደሰማው ከግሩፑ አናት ላይ ጻፉና ስቀሉት፤ ከዚያ የኋለኛውን እነግራችኋለሁ። አልበዛም፣ አራት ቃል ናት፦ ስፌቱን የሰማው አባቷ ነው። ይህን ስጽፍ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ እስካሁን የጻፋት የለም። መቼም ኔትወርክ የለም አይሉኝም።